የኢየሩስን ከል ማስወለቅ

ልጄ ኢየሩስ ጥቁር መልበስ የጀመረችው እኔ ጥቁር ባወለቅኩ በሳምንቱ ነው። ቤታችን ውስጥ ጥቁር የለበሰ ሰው እንዳይጠፋ የተማማልን ይመስል ተቀባበልን።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ባሌ ብዙአየሁ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስሙ እንደሚለው ብዙ አይቷል፤ በተለይ ዲላ ላይ። እዚያ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሚስት፣ ሌላ አልጋ ነበረው። ሲሞት ነው የሰማሁት ብዬ አልዋሻችሁም፤ አውቅ ነበር፣ አላወቅኩም ማለት ስለሚቀለኝ ነው ዝም ያልኩት። በቀብሩ ዕለት የዲላዋም መጣች። ከእኔ የበለጠ ጠቁራ፣ ከእኔ የበለጠ እያለቀሰች። ለቀስተኛው ማንን ደግፎ ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገባው። ብልጦቹ ሁለታችንንም በየተራ "እግዜር ያጥናሽ" ብለው ተገላገሉ።

ከዚያ ዓመት ሙሉ ከል ለበስኩ። አዝኜ ነው? የለም። የሰፈሬ የታቦር ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሻሽ፤ በሀዋሳ ሙቀት። መናኸሪያ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ለሰው ቀይና አረንጓዴ እየዘረጋሁ እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ በላብ እጠመቃለሁ። ደንበኛ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይዞሽ" ይለኛል፣ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ "ተመስገን" እላለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው "ሙሉጌጥ፣ ለመሆኑ አዝነሻል ወይ?" ብሎ አልጠየቀኝም። ጥቁር ለብሻለሁ አይደል እንዴ፣ ምን ይጠየቃል።

ዓመቱ ሲሞላ ዘመድና ጎረቤት አዲስ ልብስ ይዞ መጣ፣ ተጸለየ፣ ከሌን አስወለቁኝ። እንደ ደንቡ የሐዘን ልብስ ከቤት ይወጣል፣ ለችግረኛ ይሰጣል። በፌስታል ቋጥሬ በር ላይ አስቀመጥኩት። ኢየሩስ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ፌስታሉን ፈታችው።

"እማዬ፣ ይሄን ልትሰጪው ነው?"

"ሐዘን ነው፤ ከቤቴ ይውጣልኝ።"

"ጨርቅ ነው እንጂ ምን ሐዘን አለበት" አለችና ታቅፋው ክፍሏ ገባች።

ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጣ ስትቆርጥ ስትቀጥል ሰነበተች። የቀሚሴ እጅጌ ተገንጥሎ በዳንቴል ተተካ። ሻሼ መቀነት ሆነ። ከታች ወታደር የሚያደርገው ዓይነት ከስክስ ጫማ፣ ከላይ የውሻ ማሰሪያ የሚያህል ሰንሰለት። ጥፍሯ ጥቁር፣ ከንፈሯም ጥቁር። በደህና ጤናዋ! ሆስፒታል በር ላይ ብትቆም ሮጠው ኦክስጅን የሚሰኩላት ነው የምትመስለው። እግሯ ላይ ያጠለቀችው ስቶኪንግ ደግሞ መረብ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በኩል ብታልፍ ዓሣ አጥማጆቹ መረቡ የኛ ነው ብለው ይቀሟት ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"ስታይል ነው። ጎቲክ ይባላል።" ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። በዓለም ላይ ብዙ ወጣቶች እንዲህ ይለብሳሉ አለች፤ ሰው ሁሉ ሳቅልኝ፣ አብረቅርቅልኝ ሲላቸው አንሥቅም ብለው ጥቁር የለበሱ ልጆች። የራሳቸው ሙዚቃ፣ የራሳቸው ግጥም አላቸው። ጥቁር ለእነሱ ሞት አይደለም፣ እንዲያውም አለመደበቅ ነው አለችኝ።

"በዓለም ብዙ ከሆናችሁ ጥሩ። ሀዋሳ ላይ ስንት ናችሁ?"

"አምስት።" ትንሽ አሰበችና "ሔኖክ ግን ትምህርት ሲዘጋ ሆሳዕና ይሄዳል" አለች።

"አዝነሽ ነው?"

"አላዘንኩም። ጥቁር ስለብስ ደስ ስለሚለኝ ነው።"

በሉ እንግዲህ፣ ደስ ብሏት ነው ብላችሁ ለታቦር ሰው አስረዱልኝ።

ሰፈሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ ሰይጣን ገብቶባታል አለ። የጸሎት ቡድኑ የሦስት ቀን ጾም አውጆ እኛ ቤት ሊመጣና ሊያስወጣላት እንደተዘጋጀ በጎረቤት በኩል ደረሰኝ። ለአንድ ሊፕስቲክ ሦስት ቀን መጾም ምን ዓይነት ትጋት ነው! ሌላው ግማሽ ግን ቀሚሱን አወቀው። ዓመት ሙሉ እኔ ላይ ሲያዩት የኖሩት ጨርቅ ነዋ። ልጅቷ የእናቷን ከል ተረክባ ለአባቷ ማዘኗን ቀጥላለች አሉ።

ይሄኔ ነው እትዬ ታቢታ ሱቄ የመጡት። እትዬ ታቢታ የእድራችን የሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ያለሳቸው ማንም አይቀበርም፣ ማንም አይዳርም። በርጩማ ስቤላቸው ተቀመጡ።

"ሙሉ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሰው መንፈስ ነው ይላል። እኔ ግን ቀሚሱን አውቀዋለሁ፤ ያንን ቀሚስ ለብሰሽ ነው ቀብር ላይ ደግፌ የያዝኩሽ።"

ስታይል ነው ብላቸው አያምኑኝም። ዝም ብላቸው ጾሙ ነገ ይጀመራል። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ "የአባቷ ሐዘን አልወጣላት አለ" አልኳቸው። እትዬ ታቢታ እዚያው በርጩማው ላይ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እኔም አብሬ ተነፋረቅሁ፤ ልምዱ አለኝ።

በማግሥቱ ሰይጣን ታቦርን ለቆ ወጣ። ጎረቤቱ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የጀበናዋ ልጅ ሳይቀሩ ኢየሩስን ባዩ ቁጥር አንገታቸውን እየነቀነቁ "አይዞሽ የኔ ልጅ" ይሏት ጀመር። ኢየሩስ ፊቷ በርቶ መጣች።

"እማዬ፣ የሰፈሩ ሰው እኮ ስታይሌን ለምዶታል። ሁሉም ያበረታቱኛል።"

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንዴት ጥሩ ውሸት ነበር። አላበቃም፤ አቶ ደሳለኝ ጆሮ ደረሰ።

አቶ ደሳለኝን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርና የእድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ስድስት ዓመት ሆኗል። ብዙአየሁ የሞተ ሰሞን ለእድር ጉዳይ ሱቄ ይመጡ ነበር። ጉዳዩ ሲያልቅ ለሸሚዝ ጨርቅ መጡ። አራት ሸሚዝ ካሰፉ በኋላ የሚያሰፉት ሲያጡ ለምንም መምጣት ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ሐይቁ ዳር አብረን ሄደናል። ምን ልደብቃችሁ፣ ወደድኳቸው። በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት ትዳር በኋላ፣ አንድ ሰው ስናገር ዓይኔን እያየ ሲያዳምጠኝ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው። ሽማግሌ ልልክ ነው ካሉኝ ጀምሮ ቀን ስቆጥር ነበር።

ያን ቀን ሱቅ መጥተው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

"ልጅቷ ለአባቷ ከል ለብሳ እያለች እናቷን ልጠይቅ? ይሄ ነውር ነው። ከሏን እስክታወልቅ እጠብቃለሁ። ዓመትም ይሁን ሁለት ዓመት።"

ሁለት ዓመት! ልጅቷ እስክታረጅ ልትለብሰው ነው ያሰበችው። ምን ልበላቸው? ውሸቴን ነው ልበል? አቶ ደሳለኝ የገዛ እህታቸውን ልጅ ኮረጀ ብለው በፈተና የጣሉ ሰው ናቸው። ውሸታም ፊት አልቀመጥም ይላሉ፣ ብለውም አይቀመጡም። በዚህም ብሄድ በዚያ አጣቸዋለሁ።

ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ አንድ ብልሃት መጣልኝ። መቼስ የኔ ብልሃት አያልቅ። ለእኔ እንደተደረገው ለኢየሩስም ከል ማስወለቅ ይደረግላት። እድሩ ይሰብሰብ፣ ልብስ ይምጣላት፣ ይጸለይ፣ ታውልቅ። የሌለ ሐዘን በሥነ ሥርዓት ይዘጋ። እትዬ ታቢታ ሐሳቡን ሲሰሙ "ጥሩ አሰብሽ" ብለው ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሩ። ጸሐፊው አቶ ደሳለኝም እድሩን ወክለው ሊናገሩ ተጠሩ።

የቀረው ለኢየሩስ መንገር ነበር። ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ውሸቱን፣ አቶ ደሳለኝን፣ ቅዳሜን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ሰዎቹ አይዞሽ የሚሉኝ ለዚህ ነበር?"

"ለዚህ ነበር።"

ከጥቁሩ ከንፈሯ በላይ ያለው ፊቷ ሲጠወልግ አየሁት። ለካ አምናቸው ነበር።

"ስለዚህ አንቺ በውሸት ያስለበስሽኝን ሐዘን እኔ በውሸት ላውልቅ ነው?"

"አንድ ቀን ነው፣ የኔ ልጅ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ቡናማ ምናምን ትለብሻለሽ።"

"እኔ ለአባዬ አዝኛለሁ" አለች። "ያኔ ነው ያዘንኩት። አንቺ ሳሎን ለቀስተኛ ስትቀበይ እኔ ክፍሌ ውስጥ ሮዝ ፒጃማዬን ለብሼ ብቻዬን አልቅሻለሁ። በሩን የከፈተ ሰው አልነበረም።"

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ትምጣ አትምጣ ሳትነግረኝ ወጣች።

ቅዳሜ ሳሎኔ በሰው ሞላ። እትዬ ታቢታ በእድሩ ስም የተገዛውን ቀሚስ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል፤ ቢጫ፣ ከደረቱ እስከ ጫፉ ትልልቅ አበባ ያለበት። ሱቄ ውስጥ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ገዢ ያጣ ጨርቅ ነው፤ ሄደው ሄደው እሱኑ ገዙ። የጸሎት ቡድኑ መሪ ወይዘሮ ሩት አንድ ጥግ ይዘው ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለዋል፣ ጾሙ ስለቀረባቸው አሁንም ደስ አላላቸውም። አቶ ደሳለኝ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ኢየሩስ የለችም። ዳቦና ለስላሳ ደጋግሜ ላቅርብ እላለሁ።

ለአሥር ሃያ ሲቀረው የግቢው በር ተንኳኳ። ኢየሩስ ናት። ከኋላዋ አራቱ ጓደኞቿ፣ ሁሉም ከእግር እስከ ራስ ጥቁር። ሔኖክ በዚያ ፀሐይ የቆዳ ጃኬት ደርቦ ፀጉሩን ትከሻው ላይ በትኗል፣ ቲሸርቱ ላይ የራስ ቅል ጥርሱን ያገጣል። ሙንተሃ ከሂጃቧ እስከ ጫማዋ ጥቁር ናት፤ ታቦር ውስጥ እሷን ሰይጣን ያለ የለም፣ ጨዋ ልጅ ነው የምትባለው። እንግዲህ ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ነው፣ እኔ ነኝ የምሸጥላቸው።

ሳሎኑ በአንድ ጊዜ ተነሣ። እትዬ ታቢታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"እዩልኝ ጓደኞቿን! ለእሷ አባት ሁሉም ከል ለብሰዋል" አሉ፣ ሄደውም ሔኖክን አቅፈው የራስ ቅሉን በእንባ አራሱት።

ሔኖክ ምን እንደሆነ ባይገባውም ጨዋ ልጅ ነው፤ "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ" አላቸው። ሴቶቹ ተነፋረቁ። አቶ ደሳለኝ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እኛ ይሄ ትውልድ ፍቅር አያውቅም ስንል" አሉ፣ ጨርሰው መናገር አቃታቸው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ብደበቅ ደስ ባለኝ።

ተጸለየ። እትዬ ታቢታ ቀሚሱን ይዘው መሐል ቆሙ።

"ልጄ፣ ለአባትሽ ያለሽን ፍቅር ሁላችንም አየን። አሁን ይበቃሻል። ከልሽን እናውልቅልሽ፣ እሺ በይን።"

ኢየሩስ አየችኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ይህቺ ልጅ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም፤ ትንሽ ሆና እንኳ ብርጭቆ ስትሰብር ስብርባሪውን ይዛ ነበር የምትመጣው። አሁን አፏን ከፍታ እውነቱን ታፈርጠዋለች፣ አቶ ደሳለኝም ባርኔጣቸውን አንሥተው ይወጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

"እሺ" አለች። "ለአባዬ ነው የለበስኩት። አሁን በቃኝ።"

ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ከንፈሯን ጠረገች። ሰንሰለቱን ከአንገቷ ፈታ ለሙንተሃ ሰጠቻት። ጓደኞቿ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሙንተሃ ሰንሰለቱን ጨብጣ ወደ መሬት አቀረቀረች። ሴቶቹ እልል እያሉ ቢጫውን ቀሚስ ከላይ አጠለቁላት። ልጄ በዚያ ሁሉ አበባ ውስጥ እጆቿን አንጠልጥላ ቆመች፣ የምታየውም እኔን ነው። ፈገግ አለችልኝ። እናቴን ይመቻት ብላ የሰጠችኝ ፈገግታ ነበር። ያን ዓይነት ፊት አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ መስታወት ፊት ሻሼን ሳስር ያየሁት የራሴ ፊት ነው።

አንጀቴን በላችው። ተነሣሁ።

"ቢጫውን አውልቂው" አልኳት።

እልልታው ቆመ። እትዬ ታቢታ "ምን አልሽ?" አሉ።

"ያውልቁላት፣ እትዬ። ልጄ ያደረገችው የሐዘን ልብስ አይደለም። ስለምትወደው ነው የለበሰችው፣ እነዚህም ልጆች እንደዚያው። ሐዘን ነው ብዬ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።" አፌ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም፤ ቀጠልኩ። "እኔም አላዘንኩም ነበር። ብዙአየሁን ያዘነችለት የዲላዋ ናት። እኔ ዓመት ሙሉ የለበስኩት እናንተን ፈርቼ ነው። ያን ሁሉ አይዞሽ ያላችሁኝን ከቻልኩ እመልስላችሁ ነበር።"

ወይዘሮ ሩት "እኔ መጀመሪያውኑ መንፈስ ነው ብያለሁ፤ የእናቲቱ መሆኑን ነው ያላወቅኩት" አሉ፣ በእርካታ። እትዬ ታቢታ ሶፋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ "ዳቦው ታዲያ አይቆረስም?" አሉ። ኢየሩስ ቢጫውን ቀሚስ እንደለበሰች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

በትከሻዋ አሻግሬ ሳይ አቶ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጥተዋል።

ተከትያቸው ሮጥኩ። የግቢው በር ላይ ደረስኩባቸው። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ቆመዋል፣ ወደ እኔ አልዞሩም።

"ይሄን ሁሉ ቀን ስትዋሺኝ ኖርሽ" አሉ።

"አዎ።"

"ከዚያ በፊትም ዓመት ሙሉ።"

"አዎ። ያ ግን ለእርስዎ ብቻ አልነበረም፤ ለሰፈሩ በሙሉ ነው።"

አልሣቁም። "እኔ ብሞትስ?" አሉ። "ለእኔም እንዲሁ ጥቁርሽን ለብሰሽ፣ አንገትሽን ሰብረሽ ሰው ታታልያለሽ?"

ይሄን አስቤበት አላውቅም ነበር። የሚያምር መልስ ሳልፈልግ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

"ጥቁር የምለብስ አይመስለኝም" አልኳቸው። "እርስዎ ከሞቱ ምን እንደምለብስ የማይ አይመስለኝም። እጄ ያገኘውን አጥልቄ ነው የምወጣው። ሰውም ባሏ ሞቶ አበባ ለብሳ ወጣች ብሎ ያማኛል፣ እኔም አልሰማቸውም።"

አቶ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩ። አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመና፣ የሚሳፈር እንደሌለ ሲያይ ሄደ።

"ባለቤቴን የቀበርኩ ዕለት" አሉ በመጨረሻ፣ "አንድ እግሬ ላይ ቡናማ፣ አንድ እግሬ ላይ ጥቁር ጫማ አድርጌ ነበር። መቃብር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ያየሁት ቤት ገብቼ ሳወልቅ ነው።" ዞረው አዩኝ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። "ለማንም ተናግሬው አላውቅም።"

ኮታቸውን እጅጌው ላይ ያዝኩት። አልነጠቁኝም። ባርኔጣቸውን አደረጉ።

"እሁድ ከቸርች በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ" አሉ። "ለልጅቷም ንገሪያት፣ ልብሷን እንዳትቀይር።"